ወርቃማው ጥምርታና የፕላኔቶች ምህዋር፦ የቬኑስ የ8 ዓመት ዑደት ሲመረመር

ቬኑስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞራ ለመጨረስ 224.70 ቀናት ይፈጁባታል፤ ምድር ደግሞ 365.26 ቀናት። ሁለተኛው ቁጥር ለመጀመሪያው ሲካፈል 1.6255 ይገኛል። ወርቃማው ጥምርታ 1.6180 ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከግማሽ በመቶ ያንሳል። በዚህ ላይ ቬኑስ በምድርና በፀሐይ መካከል የምትገባባቸው አቅጣጫዎች በክብ ላይ ተመዝግበው በየተራቸው በመስመር ሲያያዙ፣ በ8 ዓመት ውስጥ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይሠራሉ። የባለ አምስት ጫፍ ኮከብ መስመሮች ደግሞ እርስ በርስ የሚቆራረጡት በወርቃማው ጥምርታ መሠረት ነው። ከእነዚህ ሁለት ምልከታዎች በመነሣት የፀሐይ ሥርዓት በወርቃማ ልኬት የተቀመረ ነው የሚለው አባባል ለሰፊው አንባቢ በሚቀርቡ ጽሑፎች ዘንድ በብዛት ይነገራል።

ይህ ጽሑፍ አባባሉን በቁጥር ይፈትነዋል። የሚደርስበትም ከተለመደው ተቃራኒ ነው። የቬኑስ ኮከብ ገጥሞ የሚዘጋው ጥምርታው ወርቃማ ስላልሆነ ነው። ወርቃማው ጥምርታ በምህዋር ጥናት ውስጥ እውነተኛ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን የሰማይ አካላት ዙር በሚገጣጠምበት ሳይሆን መገጣጠም በማይችልበት ስፍራ ነው።

ከዩክሊድ እስከ ኬፕለር

ዩክሊድ በ«ኤለመንትስ» ስድስተኛ መጽሐፍ የበየነው አከፋፈል ቀላል ነው። አንድ መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ ሙሉው መስመር ከትልቁ ክፍል ጋር ያለው ጥምርታ ትልቁ ክፍል ከትንሹ ጋር ካለው ጥምርታ ጋር እኩል ይሆናል። ይህን የሚያሟላው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ 1 ከ5 ስኩዌር ሩት ጋር ተደምሮ ለ2 ሲካፈል የሚገኘው 1.6180339… ነው። በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ፈጽሞ ሊጻፍ አይችልም። ሆኖም በፊቦናቺ ቁጥሮች (1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21…) አማካይነት ይቀረባል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከእርሱ በፊት ላለው ሲካፈል 1.6፣ 1.625፣ 1.6154 እያለ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ሆኖ ወደ ጥምርታው ይጠጋል።

ጥምርታውን ከፕላኔቶች ጋር ለማገናኘት በብርቱ የጣረው ዮሐንስ ኬፕለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1596 ባሳተመው የመጀመሪያ ታላቅ ሥራው የስድስቱን የታወቁ ፕላኔቶች ምህዋሮች አንዱ በሌላው ውስጥ በተሰኩ አምስት መደበኛ ጠጣር ቅርጾች ለያያቸው። በማርስና በምድር መካከል ባለ 12 ገጹን፣ በምድርና በቬኑስ መካከል ባለ 20 ገጹን ቅርጽ አስቀመጠ። ሁለቱም በወርቃማው ጥምርታ የሚሠሩ ናቸው፤ የውስጠኛው ክብ ራዲየስ ለውጭኛው ሲካፈል ለሁለቱም 0.795 ይሰጣል። በአማካይ ርቀት ከተለካ ግን ምድር ለማርስ 0.656፣ ቬኑስ ለምድር 0.723 ነው። ኬፕለር ምህዋሮቹን ውፍረት ባላቸው ቅርፊቶች አድርጎ ልዩነቱን ለማጥበብ ሞከረ፤ ዕቅዱንም እስከ መጨረሻው አልተወውም። የሥነ ፈለክ ታሪክ ያከበረው ግን እ.ኤ.አ. በ1619 ያሳተመውን ሦስተኛ ሕግ ነው፦ የዙር ጊዜ ስኩዌር ከአማካይ ርቀት ኩብ ጋር ይመጣጠናል።

ይህ ሕግ ለተያዘው ጉዳይ ያልተጠበቀ አገልግሎት አለው። የሁለት ፕላኔቶች የጊዜ ጥምርታ በትክክል ወርቃማ ቢሆን የርቀታቸው ጥምርታ 1.378 መሆን ግድ ይለዋል፤ ወርቃማ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በአንድ ጥንድ ፕላኔቶች ላይ በጊዜም በርቀትም ያንኑ 1.618 አገኘሁ የሚል ጸሐፊ ሁሉ ቢያንስ በአንዱ ተሳስቷል።

ስምንት፣ ዐሥራ ሦስት፣ አምስት

ስምንት የምድር ዓመታት 2922.05 ቀናት ናቸው፤ 13 የቬኑስ ዙሮች 2921.11 ቀናት። ልዩነታቸው አንድ ቀን አይሞላም። በዚያው ጊዜ ቬኑስ 5 ጊዜ በምድርና በፀሐይ መካከል ትገባለች። ዑደቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የባቢሎን ታዛቢዎች ያውቁት ነበር፤ የማያ ሕዝብም ድሬስደን ኮዴክስ በሚባለው መጽሐፋቸው አምስት የ584 ቀን ዑደቶችን ከስምንት የ365 ቀን ዓመታት ጋር አስተካክለው 2920 ቀናት ብለው መዝግበውታል።

5፣ 8 እና 13 ተከታታይ የፊቦናቺ ቁጥሮች መሆናቸው እንደ ሦስት ምስክሮች ይቆጠራል። ሦስተኛው ምስክር ግን የሁለቱ ልጅ ነው። በመሮጫ መም ላይ አንዱ ሯጭ 8 ዙር ሲጨርስ ሌላው 13 ከጨረሰ፣ ፈጣኑ ዝግተኛውን 5 ጊዜ ደርቦታል፤ 13 ሲቀነስ 8 አምስት ስለሆነ ብቻ። የአምስቱ መገኘት ስለ ሰማይ የሚነግረን አዲስ ነገር የለም። በኮከቡ ውስጥ የሚታየው ወርቃማ ጥምርታም እንዲሁ የሚመጣው ከአምስቱ ነው፤ ማንኛውም ነገር በክብ ላይ በአምስት እኩል ቦታዎች ተራ በተራ እየዘለለ ቢያርፍ ያንኑ ኮከብ ይሠራል።

አሁን ጥምርታው በእርግጥ ወርቃማ ቢሆን ኖሮ ምን ይከሰት እንደነበር ማስላት ይቻላል። ቬኑስ በ8 ዓመት የምትዞረው 13.004 ሳይሆን 12.944 ጊዜ ይሆን ነበር። አምስት የመካከል መግባቶች የሚፈጁት ጊዜ ወደ 8.09 ዓመት ከፍ ይላል፤ አምስተኛው መግባት በክቡ ላይ ከመነሻው 32.5 ዲግሪ ርቆ ይወድቃል። በሁለት አጎራባች ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 72 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ይህ ስሕተት ግማሽ ያህሉን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። በእንዲህ ያለ ሰማይ የባቢሎንም ሆነ የማያ ታዛቢ የ8 ዓመት ዑደት ባላገኘ ነበር። በእውነተኛው ሰማይ ግን ኮከቡ በየ8 ዓመቱ ከቦታው የሚንሸራተተው 2.4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ይህንኑ በተከታታይ ክፍልፋይ ዘዴ ማየት ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ዘዴው አንድ ቁጥር ተወስዶ ሙሉ ቁጥሩ እንዲመዘገብ፣ ቀሪው እንዲገለበጥ፣ እንደገናም ሙሉው እንዲመዘገብ ያዝዛል። በወርቃማው ጥምርታ ላይ ሲሠራ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1… እያለ ያለማቋረጥ ይቀጥላል። በምድርና በቬኑስ ጥምርታ ላይ ሲሠራ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 29… ይሰጣል። አራቱ መነሻዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ የቁጥሮቹ መቀራረብም ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው 29 ግን ጉዳዩን ይፈታል። በተከታታይ ክፍልፋይ ውስጥ ትልቅ ቁጥር መታየት ከእርሱ በፊት የተገኘው ክፍልፋይ፣ እዚህ ላይ 13/8፣ ለእውነተኛው ዋጋ እጅግ የቀረበ መሆኑን ያመለክታል። አዶልፍ ሁርቪትስ እ.ኤ.አ. በ1891 ያረጋገጠው ቴዎረም እንደሚያሳየው፣ በዚህ ረገድ ከቁጥሮች ሁሉ ለክፍልፋይ በጣም አስቸጋሪው ወርቃማው ጥምርታ ከዘመዶቹ ጋር ነው። የክፍልፋዩ ስሕተት በታህቱ ስኩዌር ቢባዛ፣ 13/8 ለወርቃማው ጥምርታ 0.446 ይሰጣል፤ ለቬኑስ 0.034 ብቻ። ቬኑስ ለ13/8 ያላት ቅርበት ወርቃማው ጥምርታ ካለው ከ13 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ለወርቃማነት ምሳሌ ሆና የምትጠቀሰው ፕላኔት የወርቃማነትን ዋና ባሕርይ የጎደላት ናት።

መንሸራተቱ በኢትዮጵያም ሰማይ ታይቷል። ቬኑስ በፀሐይ ገጽ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ያለፈችው ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አለፍ ብሎ ጀምሮ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙሉው ክስተት ከአዲስ አበባ ሊታይ ይችል ነበር። የቀጣዩ ጊዜ ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር፤ ያን ዕለት ፀሐይ ስትወጣ የክስተቱ መጨረሻ ብቻ ቀርቶ ነበር። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው 8 ዓመት ሁለት ቀን ያህል ጎድሎታል፤ ከላይ የተሰላው የ2.4 ዲግሪ መንሸራተት በቀን መቁጠሪያ ሲነበብ ይኸው ነው። ይህች ትንሽ ጉድለት በመደራረቧ ቀጣዩ ጥንድ እ.ኤ.አ. እስከ ታኅሣሥ 2117 እና 2125 አይመጣም። ሙሉው ሥርዓት የሚደገመው በ243 ዓመት ነው፤ በዚህ ጊዜ ቬኑስ 395 ዙር ትጨርሳለች። 395/243 ከ13/8 እጅግ የተሻለ ክፍልፋይ ነው፤ 395ም ሆነ 243 ግን የፊቦናቺ ቁጥር አይደለም።

የ13/8 ቅርበት ተጨባጭ የስበት ውጤትም አለው፤ ይህ በታዋቂ ጽሑፎች ብዙም አይነሣም። የእንግሊዙ የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1832 ባቀረበው ጥናት ምድርና ቬኑስ በ240 ዓመት ገደማ ዑደት አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ በጥቂቱ እንደሚያዛባ አሳየ። ጥምርታው ወርቃማ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ረጅም ዑደት ባልተገኘ ነበር።

አማካይ እንዴት ይሠራል

ሁለተኛው የተለመደ ማስረጃ የፕላኔቶች ርቀት አማካይ ነው። እያንዳንዱ ፕላኔት ከፀሐይ ያለው ርቀት ከእርሱ በፊት ላለው ይካፈላል፤ ውጤቶቹ ተደምረው አማካያቸው 1.62 ይወጣል ይባላል። ስሌቱ ሲደገም ቁጥሩ በእርግጥ ይወጣል፦ 1.6196። ነገር ግን ለመድረስ ሴሬስ ከአስትሮይዶች መካከል ተመርጣ መግባት አለባት፤ ፕሉቶም መካተት አለበት፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሜርኩሪ ለራሱ ተካፍሎ 1.0000 ተብሎ እንደ ዐሥረኛ ቁጥር መቆጠር አለበት። ይህ ባዶ ቁጥር ከወጣ አማካዩ 1.688 ይሆናል። ፕሉቶም ከወጣ 1.735። ሴሬስም ቀርታ ስምንቱ ፕላኔቶች ብቻ ሲቀሩ 1.943። ለጥምርታዎች ይበልጥ ተገቢ የሆነው ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ቢወሰድም ችግሩ አይቀረፍም፤ ያ አማካይ የሚወሰነው በመጀመሪያውና በመጨረሻው አካል ርቀት ብቻ ስለሆነ በመካከል ያሉት የትም ቢቀመጡ ለውጥ አያመጡም። ለስምንቱ ፕላኔቶች 1.862 ነው። እንዲህ ያለው አማካይ የሚለካው የፀሐይን ሥርዓት ሳይሆን የቆጣሪውን ምርጫ ነው ማለት ይቻላል።

የፊቦናቺ ቁጥሮች በዙር ጥምርታዎች ውስጥ ደጋግመው መታየታቸውም በተመሳሳይ ጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። ስበት በእርግጥ ትናንሽ ቁጥሮችን ያገናኛል፤ የጁፒተር ጨረቃዎች አዮ፣ ዩሮፓና ጋኒሚድ በ1፣ 2 እና 4 ጊዜ ይያያዛሉ፤ ፕሉቶ ሁለት ዙር ሲጨርስ ኔፕቱን ሦስት ይጨርሳል። ነገር ግን ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች የፊቦናቺ ያልሆነው 4 ብቻ ነው። በእነዚህ አምስት ቁጥሮች ሊሠሩ ከሚችሉት 9 የተለያዩ ጥምርታዎች 6ቱ የግድ በፊቦናቺ ቁጥሮች የተሠሩ ናቸው። ትናንሽ ቁጥሮችን የሚወድ ማንኛውም የተፈጥሮ ሕግ የፊቦናቺ ወዳጅ መስሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ፕላኔቶች እንዳሏት የተገለጸችው ትራፒስት-1 የተባለች ኮከብ ጥሩ መፈተኛ ናት፤ የፕላኔቶቿ ተከታታይ ጥምርታዎች ወደ 8፡5፣ 5፡3፣ 3፡2፣ 3፡2፣ 4፡3 እና 3፡2 የቀረቡ ናቸው። አምስቱ ለወርቃማው አባባል የሚመቹ ናቸው። 4፡3 ግን ከሌሎቹ ጋር በአንድ የስበት ሰንሰለት ታስሮ ያለምንም ችግር ተቀምጧል።

መገጣጠም ሲጎዳ

ዥዋዥዌ የሚጫወት ሕፃን በየምልሱ በትክክለኛው ጊዜ ቢገፋ ትንሽ ግፊት እያደር ከፍ ያደርገዋል። በየጊዜው በተለያየ ቦታ ላይ ቢገፋ ግን አንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋል። ሬዞናንስ የሚባለው የመጀመሪያው ሁኔታ ነው። ከጁፒተር ጋር በትንሽ ቁጥሮች ጥምርታ የሚዞር አስትሮይድ የጁፒተርን ጉትቻ ሁልጊዜ በተመሳሳይ የምህዋሩ ቦታ ላይ ይቀበላል።

አሜሪካዊው ዳንኤል ከርክዉድ እ.ኤ.አ. በ1866 ያመለከተው የዚህን ውጤት ነው። አስትሮይዶች በማርስና በጁፒተር መካከል በእኩል አልተበተኑም፤ ክፍተቶች አሉ። የምድርና የፀሐይ አማካይ ርቀት እንደ አንድ አሃድ ቢወሰድ ክፍተቶቹ የሚገኙት በ2.50፣ በ2.82፣ በ2.96 እና በ3.28 አሃድ ላይ ነው። ጥምርታዎቻቸውም 3፡1፣ 5፡2፣ 7፡3 እና 2፡1 ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ አካላት የታጡት ግን በእነዚሁ ቦታዎች ነው። የ3፡1 ክፍተት አፈጣጠር በ1980ዎቹ በጃክ ዊዝደም ስሌት ተብራርቷል፤ በዚያ የሚገኝ አስትሮይድ ምህዋሩ በትርምስ እየተለጠጠ የማርስን ምህዋር እስከመቁረጥ ይደርሳል። ሬዞናንስ ሁልጊዜ አጥፊ አይደለም፤ በ3.97 አሃድ ላይ በ3፡2 የሚዞሩት የሂልዳ አስትሮይዶች በእርሱው ተጠብቀው ይኖራሉ። መጠበቅም መባረርም የሚወሰነው በስበቱ ዝርዝር እንጂ በቁጥሮቹ ስም አይደለም።

ታዲያ ከሬዞናንስ ሁሉ የራቀው ስፍራ የትኛው ነው? ወርቃማው ጥምርታ በእርግጠኛነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድሬ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው፣ ዩርገን ሞዘር በ1962 እና ቭላዲሚር አርኖልድ በ1963 ያዳበሩት ቴዎሪ እንደሚለው፣ የእርስ በርስ ጉትቻው በቂ ትንሽ ከሆነ ጥምርታቸው ለክፍልፋይ አልመች የሚል ምህዋሮች በመጠኑ ተጣምመው ሥርዓታቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ለክፍልፋይ እጅግ የማይመቸው ቁጥር ደግሞ፣ ሁርቪትስ እንዳሳየው፣ ወርቃማው ጥምርታ ነው። ጆን ግሪን እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንን በአንድ ቀላል የሒሳብ ሞዴል ላይ ፈተነው። ሁከቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ ሥርዓታዊ መንገዶች አንድ በአንድ ሲፈርሱ ተከታተለ፤ የሁከቱ መጠን 0.9716 ገደማ እስኪደርስ ድረስ የቆየው የመጨረሻው መንገድ የወርቃማው ጥምርታ ነበር።

ይህ ውጤት ውብ መሆኑ አያከራክርም፤ ወደ እውነተኛው ሰማይ ሲወሰድ ግን ወሰኑ መታወቅ አለበት። ሚሼል ኤኖን እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳመለከተው የመጀመሪያዎቹ ማረጋገጫዎች የሚሠሩት ከማንኛውም እውነተኛ ፕላኔት ጉትቻ እጅግ ባነሰ ሁከት ላይ ብቻ ነው። የጁፒተር ክብደት የፀሐይን 1/1047 ያህል ነው፤ ለቴዎሪው ይህ ትልቅ ቁጥር ነው።

የአስትሮይዶች ቀበቶ ራሱ ሁለቱንም ጎኖች ያሳያል። ከጁፒተር ጋር ያለው የጊዜ ጥምርታ የወርቃማው ጥምርታ ስኩዌር፣ 2.618፣ የሚሆነው በ2.74 አሃድ ላይ ነው። ይህም ቁጥር ከወርቃማው ዘመዶች አንዱ ነው፤ ስፍራው በ5፡2 እና በ8፡3 ክፍተቶች መካከል ይገኛል፤ በዚያም አስትሮይዶች በብዛት ይዞራሉ፤ ሴሬስም ሩቅ አይደለችም። ጥምርታው ራሱ 1.618 የሚሆነው ግን በ3.775 አሃድ ላይ፣ ወደ ጁፒተር በቀረበው ጫፍ ነው። በዚያ 5፡3፣ 13፡8 እና 8፡5 ከ3.70 እስከ 3.80 ባለው ጠባብ ስፍራ ውስጥ ተጨናንቀዋል፤ የጁፒተርም ጉትቻ ይበረታል። ከሳይቤል አስትሮይዶች ማብቂያ እስከ ሂልዳዎች ባለው በዚህ አካባቢ የሚገኙት አካላት እጅግ ጥቂት ናቸው።